አሥር ሚሊ ሰከንድ፦ ስለ መብራት ማደብዘዣ ተረትና እውነታ

ነቀምቴ ሲመሽ፣ የየቤቱ ምጣድና ምድጃ በአንድ ሰዓት ሲሰካ መብራቱ ይደክማል። የድሮውን ባለ ክር አምፖል የሰቀለ ሰው ብርሃኑ ቀልቶ፣ ክሩ ለዓይን እስኪለይ ድረስ ሲደበዝዝ ያያል። አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ ግን ኤልኢዲ ስለሰቀለ ምንም የጎደለበት ነገር የለም። በጊምቢም፣ በነጆም፣ በሻምቡም፣ በደምቢ ዶሎም ይህን ያላስተዋለ ቤት ጥቂት ነው።

ከዚህ የየዕለት ልምድ ብዙ ሰው አንድ መደምደሚያ ይይዛል፤ መብራት ማደብዘዝ ማለት ቮልቴጅ ማውረድ ነው ይላል። ማይክሮኮንትሮለር (በኮድ የሚታዘዝ ቺፕ) ገዝቶና ትራያክ (ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) በይዶ የራሱን ዲመር (መብራት ማደብዘዣ) ለመሥራት የሚነሳ ወጣትም ይህንኑ ግምት ይዞ ይጀምራል። ነቀምቴ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ፣ የምህንድስና ተማሪ የሚመላለስባት ከተማ ናት። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ዲመር መሥራት ጥሩ ትምህርት ነው፦ ኮድ አለው፣ ኤሌክትሮኒክስ አለው፣ ውጤቱም ወዲያው በዓይን ይታያል።

ይሁን እንጂ ዲመር ከግድግዳው መስመር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሥራ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ግምት የሚያስከፍለው አምፖል ብቻ አይደለም፤ ሕይወትም ሊሆን ይችላል። ስለ ዲመር ተደጋግመው የሚሰሙ አባባሎችን አንድ በአንድ መፈተሽ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ተረት 1፦ «ዲመር ቮልቴጁን ይጫነዋል፤ የተረፈው በሙቀት ይባክናል፤ ቆጣሪው ግን ያው ነው»

ይህ አባባል በአንድ ዘመን እውነት ነበር። የድሮ ቲያትር ቤቶች መድረካቸውን የሚያደበዝዙት በትልልቅ ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች ነበር። ሬዚስተሩ ከአምፖሉ ጋር በተከታታይ ገብቶ ድርሻውን ወደ ሙቀት ይለውጥ ስለነበር አምፖሉ ቢደበዝዝም ብክነቱ ከፍተኛ ነበር። ማደብዘዣ የቤት ግድግዳ ውስጥ መግባት የቻለው እ.ኤ.አ. በ1959 ጆኤል ስፓይራ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያ ሬዚስተሩን ትቶ በሴሚኮንዳክተር ማብሪያ የሚሠራ ዲመር ከሞከረ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961ም ሉትሮን የተባለውን ኩባንያ መሠረተ።

የዛሬው ዲመር ቮልቴጅ አይጫንም። የሚሠራው በጊዜ ነው።

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኃይል ከሚያመነጨው ከፊንጫ ማመንጫና ከእሱ ጋር በአንድ መረብ ከተሳሰሩት ሌሎች ማመንጫዎች የሚመጣው ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ዜሮን ይሻገራል። ስለዚህ በሰከንድ 100 የዜሮ መሻገሪያዎች አሉ፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜም 10 ሚሊ ሰከንድ ነው። የዲመር ሥራ በሙሉ የሚያልቀው በዚህች ጊዜ ውስጥ ነው። ሞገዱ ዜሮን ሲሻገር ትራያኩ ዝግ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ ጥቂት ይጠብቅና የትራያኩን ጌት (የማዘዣ እግሩን) ይነካል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እስከሚቀጥለው ዜሮ ድረስ አምፖሉ ሙሉውን ቮልቴጅ ያገኛል። ዘግይቶ ከነካ ለአምፖሉ የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ ቶሎ ከነካ ብዙ ነው።

ትራያኩ ዝግ በሆነ ጊዜ ከመስመሩ የሚሳብ ነገር ስለሌለ ቆጣሪውም አይቆጥርም። ትራያኩ ራሱ ክፍት ሲሆን የሚያስቀረው 1 ቮልት ተኩል እንኳ አይሞላም። ለአንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ይህ ከግማሽ ዋት ያነሰ ብክነት ነው።

ሂሳብ ለመቀነስ ብሎ ዲመር መግጠም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባለ ክር አምፖል ጉልበቱ ሲቀንስ ብርሃኑ ከዚያ በላይ ይወድቃል፤ ፍጆታው ወደ ግማሽ ሲጠጋ ብርሃኑ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 4 ሰዓት ቢበራ በወር 7.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ተመሳሳይ ብርሃን የሚሰጥ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ 1.08 ብቻ። ኢትዮጵያ አምፖል የመቀየርን መንገድ በሰፊው ሞክራዋለች። የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ ድጋፍ ባለ ክር አምፖሎችን እየተቀበለ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን በነፃ አድሎ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር የመዘነው የባንኩ ጥናት በአንድ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ቅናሽ መገኘቱን፣ ከተገኘው ቁጠባ ውስጥ 20 በመቶ ያህሉ ግን በ18 ወራት ውስጥ መልሶ መጥፋቱን አሳይቷል። ለሂሳብ የሚያስብ ሰው ቀድሞ አምፖሉን ይቀይር። የዲመር ጥቅሙ ምቾት ነው፦ ሕፃን የተኛበት ክፍል፣ የታመመ ሰው አጠገብ የሚያድር መብራት፣ የምሽት ጸሎት የሚደረግበት አዳራሽ።

ተረት 2፦ «አርዱይኖ ፒደብሊውኤም አለው፤ እሱን ከትራያክ ጋር ማገናኘት ይበቃል»

አርዱይኖ በተባለው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ላይ አንዲት ትንሽ ኤልኢዲ በፒደብሊውኤም (በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት) አደብዝዞ የተሳካለት ተማሪ ያንኑ ትእዛዝ ለግድግዳ መብራት ሊጠቀምበት ይሞክራል። አምፖሉ ወይ ሙሉ ይበራል፣ ወይ ያለ ሥርዓት ይንቀጠቀጣል። ኮዱ ስህተት የለበትም፤ የተሳሳተው ስለ ትራያክ የተያዘው ግምት ነው።

ትራያክ አንድ ጊዜ ከተገፋ የሚከፈት፣ የሚያልፍበት እስካለ ድረስ የማይዘጋ በር ነው። ጌቱን ከነኩት በኋላ ምልክቱን ቢያነሱም ክፍት ሆኖ ይቆያል። የሚዘጋው የሚያልፍበት ኃይል ወደ ዜሮ ሲወርድ ብቻ ነው። የአርዱይኖ ፒደብሊውኤም ደግሞ በአብዛኞቹ ፒኖች በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል፣ ከመስመሩ ሞገድ ጋር ሳይግባባ በራሱ ሰዓት ይበራል ይጠፋል። ትራያኩ ማጥፊያውን አይሰማም፤ ማብሪያው የሚደርሰውም በየግማሽ ሞገዱ በተለያየ ቦታ ነው።

መፍትሔው ማይክሮኮንትሮለሩ የመስመሩን ሞገድ እንዲያይ ማድረግ ነው። ለዚህ የዜሮ መሻገሪያ ጠቋሚ ያስፈልጋል። የተለመደው ኤች11ኤኤ1 የተባለ ኦፕቶካፕለር (ምልክትን በብርሃን የሚያሻግር ዕቃ) ነው፤ በመስመሩ በኩል ሁለት ሬዚስተሮች ይቀድሙታል፣ በሌላው በኩል ደግሞ ዜሮ በተሻገረ ቁጥር ለማይክሮኮንትሮለሩ ምት ይልካል። አርዱይኖ ኡኖ ላይ ያለው ኤትሜጋ 328ፒ በ16 ሜጋ ኸርዝ ይሠራል፤ አንደኛው ታይመሩ ለስምንት ቢካፈል አንድ ቆጠራ ግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል፤ 10 ሚሊ ሰከንድ 20,000 ቆጠራ ማለት ነው። ለዓይን ከሚያስፈልገው በላይ ጥራት ነው።

ሬዚስተሮቹ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቦርድ የሚቃጠለው እዚያ ላይ ነውና። ሁለት ባለ 33 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ ቢገቡ 220 ቮልት ላይ በድምሩ 0.73 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣሉ። እያንዳንዱ 0.37 ዋት ይደርሰዋል ማለት ነው። በየሱቁ በብዛት የሚገኘው ባለ ሩብ ዋት ሬዚስተር ይህን አይችልም፤ መጀመሪያ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይበጠሳል። እዚህ ቦታ ባለ 1 ዋት ይግባ።

ተረት 3፦ «ጊዜውን እኩል ከከፈልኩት ብርሃኑም እኩል ይከፈላል»

ማዞሪያውን ከዜሮ እስከ መቶ ከፍለው አንዱን ክፍል በ0.1 ሚሊ ሰከንድ የሚተምኑ ብዙ ናቸው። የሚገኘው ዲመር ግን የመጀመሪያው ሩብ ዙር ላይ ምንም ለውጥ አያሳይም፣ መሐል ላይ በጥድፊያ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ ይጨልማል።

ምክንያቱ የሞገዱ ቅርጽ ነው። ጉልበቱ ያለው መሐል ላይ፣ ቮልቴጁ 311 በሚደርስበት ጫፍ ዙሪያ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ትንሽ ነው። 2.5 ሚሊ ሰከንድ ጠብቆ ለሚበራ ጭነት 91 በመቶው ጉልበት ይደርሰዋል። 5 ሚሊ ሰከንድ ላይ በትክክል ግማሹ፤ 7.5 ሚሊ ሰከንድ ላይ ደግሞ 9 በመቶ ብቻ። ዓይንም የብርሃንን ለውጥ በዋት አይመዝንም፤ በጨለማ አካባቢ ትንሽ ጭማሪ ብዙ መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ የመጠበቂያ ጊዜዎች ሠንጠረዥ አስቀምጦ ማዞሪያውን በእሱ በኩል ማሳለፍ ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የታወቀ ችግር አለ። አምፖሉ በጣም ደብዝዞ ሳለ ድንገት ቦግ ብሎ ሙሉ ይበራል፤ ተመልሶም ይደበዝዛል። ተማሪው ትራያኩ ተበላሽቷል ብሎ ይቀይረዋል፣ ችግሩ ግን አይለቅም። የሆነው ሌላ ነው። የጌቱ ምት እጅግ ዘግይቶ ሲላክ አልፎ ወደሚቀጥለው ግማሽ ሞገድ ይገባል፤ ትራያኩም ገና ከመነሻው ይከፈትና ሙሉውን ያሳልፋል። የመጨረሻውን አንድ ሚሊ ሰከንድ በኮድ መከልከል፣ ምቱንም ወደ 100 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ማሳጠር ይህን ያስቀረዋል።

ተረት 4፦ «ባለ ስድስት እግር ኦፕቶ ሁሉ አንድ ነው»

ወለጋ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ዕቃ ካልተገኘለት ዓይኑ ወደ መርካቶ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የትራያኩን ጌት የሚነካውን ኦፕቶ ኤምኦሲ 3021 ብሎ ላዘዘ ሰው ሻጩ «ያ የለም፤ ይኸው ወንድሙ» ብሎ ኤምኦሲ 3041 ቢልክለት ልዩነቱን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ሁለቱም ባለ ስድስት እግር ናቸው፤ የእግራቸው አደራደርም ያው ነው።

ሥራቸው ግን ይለያያል። 3041 በውስጡ የራሱ የዜሮ መሻገሪያ ጠቋሚ አለው። በግማሽ ሞገዱ መሐል «ክፈት» ቢሉት እሺ አይልም፤ ቀጣዩን ዜሮ ጠብቆ ይከፍታል። በዚህ ምክንያት ለማብራትና ለማጥፋት እጅግ ጥሩ ነው፤ ለማደብዘዝ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ቀይ መብራት ያላቸው ባለ አራት ብሎን ሶሊድ ስቴት ሪሌዎችም አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ለዲመር የሚሆነው 3021 ወይም ዘመዶቹ ናቸው። 3021 የሚችለው 400 ቮልት ነው፤ ከ311 ጋር ሲነጻጸር በቂ ቢመስልም ክረምት ሲገባ ነጎድጓድ በሚያዘወትረው የወለጋ ደጋ 600 ቮልት የሚችለውን 3052 መምረጥ ይመከራል። ከመግቢያው ላይ ደግሞ ለ275 ቮልት የተሠራ ቫሪስተር ቢጨመር በመስመሩ የሚመጣውን ድንገተኛ ጡጫ ይቀንሳል። የሚጠይቁት ጉልበትም ይለያያል፦ 3021 እስከ 15 ሚሊ አምፔር ይፈልጋል፣ 3023 ግን 5 ይበቃዋል። በ3.3 ቮልት ለሚሠራው ኢኤስፒ32 ማይክሮኮንትሮለር የኋለኛው የተሻለ ነው።

ተረት 5፦ «ኤልኢዲ አይደበዝዝም» ወይም «ኤልኢዲ ሁሉ ይደበዝዛል»

ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ መልሱ አምፖሉ ሆድ ውስጥ ባለው ድራይቨር ላይ ይመሠረታል።

ብዙ የኤልኢዲ አምፖል ካርቶኖች ላይ «ከ85 እስከ 265 ቮልት» የሚል ጽሑፍ አለ። ትርጉሙ የሚገባው ቮልቴጅ ቢወርድም ድራይቨሩ ለኤልኢዲዎቹ የሚሰጠውን ኃይል ሳይቀንስ ይዞ ይቀጥላል ማለት ነው። ምሽት ላይ መብራቱ ሲደክም የጎረቤት ኤልኢዲ የማይሰማው ለዚህ ነው። ይኸው መልካም ጠባዩ ለዲመር ጠላት ይሆንበታል፤ ዲመሩ ሲቆርጥበት እሱ ይሟገታል። እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ብርሃኑ አይቀንስም፤ ከዚያ በኋላ ይርገበገባል ወይም ይጠፋል። በየግማሽ ሞገዱ ድንገት የሚበራው ከፍ ያለ ቮልቴጅ የመግቢያ ካፓሲተሩን በኃይል ስለሚሞላው ዕድሜውም ያጥራል። ኤሌክትሮኒክ ባላስት ያላቸው ቆጣቢ አምፖሎች ደግሞ በዲመር ላይ ሊግሉና እሳት ሊያስነሱ ስለሚችሉ ጨርሶ አይገጠሙም።

ለዲመር የተሠራ ኤልኢዲ ካርቶኑ ላይ እንደሚደበዝዝ ተጽፎበታል፤ ድራይቨሩ የተቆረጠውን ሞገድ አንብቦ ብርሃኑን በዚያው ልክ ይቀንሳል። እሱም ቢሆን አንድ ጣጣ አለው። ትራያክ ክፍት ሆኖ ለመቆየት ቢያንስ የተወሰነ ኃይል እንዲያልፍበት ይፈልጋል፤ ቢቲኤ16 ለተባለው ባለ 16 አምፔር ትራያክ «ቢ» ዓይነት እስከ 50 ሚሊ አምፔር፣ ቢቲ136 ለተባለው እስከ 15። ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ የሚስበው ከ30 እስከ 60 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። «ትልቁ ይሻላል» ብሎ ባለ 16 አምፔር ትራያክ የገጠመ ሰው አንዲት ኤልኢዲ ስትርገበገብበት የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። በርከት ያሉ ኤልኢዲዎችን ለማደብዘዝ የሚያስብ ሰው ትራያክ ትቶ በሁለት ሞስፌት የሚሠራውን፣ ሞገዱን ከመነሻው ሳይሆን ከመጨረሻው የሚቆርጠውን ዓይነት ቢያጠና ይጠቅመዋል። እሱ ቮልቴጁን ከዜሮ ጀምሮ ቀስ ብሎ ስለሚያነሳ ለድራይቨሮች የዋህ ነው፤ የአምፖል ጩኸትንና የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮን የሚረብሸውን ሁከትም ይቀንሳል።

ተረት 6፦ «አርዱይኖው ያለበት በኩል 5 ቮልት ብቻ ስለሆነ አይነዝርም»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

አምስቱ ቮልት ከምን ጋር ሲነጻጸር አምስት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትራንስፎርመር ላለመግዛት ሲባል ኃይሉን በካፓሲተርና በሬዚስተር ብቻ ከግድግዳው የሚወስዱ ርካሽ ቦርዶች አሉ። በእነዚህ ላይ በሁለት ፒኖች መካከል የሚለካው 5 ቮልት ቢሆንም ቦርዱ በሙሉ ከፌዙ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ማዞሪያውን የነካ እጅ፣ በዩኤስቢ ኮድ ሊጭን የተሰካ ላፕቶፕ፣ ሁሉም 220 ቮልት ላይ ናቸው። የሶኬቱ እግር ተገልብጦ ሲሰካም ኒውትራል የተባለው ፌዝ ይሆናል።

በደንብ የተሠራ ዲመር በሁለት የተለያዩ አገሮች ይከፈላል። በአንድ በኩል የግድግዳው መስመር፣ ትራያኩና አምፖሉ፤ በሌላው ማይክሮኮንትሮለሩና የሰው እጅ የሚደርስበት ሁሉ። የሚገናኙት በብርሃን፣ ማለትም በሁለቱ ኦፕቶካፕለሮች ብቻ ነው። የማይክሮኮንትሮለሩም ኃይል የሚመጣው እውነተኛ ትራንስፎርመር ካለው አስተማማኝ ቻርጀር ነው። በሁለቱ መካከል ቦርዱ ላይ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር፣ ቢቻል 8፣ ባዶ ቦታ ይተዋል። ቀዳዳዎቹ በ2.54 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ተራ የመለማመጃ ቦርድ ላይ ይህን ርቀት ማግኘት የሚቻለው መሐል ያሉትን የመዳብ መስመሮች ፍቆ በማንሳት ነው። ወራት በሚዘንብበት ነቀምቴ እርጥበትና አቧራ ተደምረው ቦርድ ላይ መንገድ ስለሚያበጁ ይህ ርቀት ቅንጦት አይደለም።

የትራያኩ ብረት ጀርባም ሰው ያዘናጋል። ቢቲ136 ጀርባው ከአንዱ ዋና እግሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ለማቀዝቀዝ ተብሎ የተገጠመለት አሉሚኒየም ሁሉ መብራት ይዞ ይቀመጣል። ቢቲኤ16 ግን በውስጡ መለያ ስላለው ጀርባው ነፃ ነው። መጨረሻ ላይ «ኤ» የሚለው ፊደል በ«ቢ» ተተክቶ ቢቲቢ16 ከሆነ ያ መለያ የለም። በአንድ ፊደል ልዩነት ብረቱ ሊነካ የሚችል ወይም የሚገድል ይሆናል።

ተረት 7፦ «ዲመሩ ዜሮ ላይ ከሆነ መብራቱ ተቆርጧል፤ አምፖሉን መቀየር ይቻላል»

ዝግ የሆነ ትራያክ የተቆረጠ ሽቦ አይደለም። ከጎኑ ለመከላከያ የሚገባው ካፓሲተር ሁልጊዜ ትንሽ ያሳልፋል፤ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ከሆነ 220 ቮልት ላይ ወደ 7 ሚሊ አምፔር ይጠጋል። ይህ እጅን ለመንዘር ይበቃል፤ መሰላል ላይ ያለ ሰውን ለመጣልም እንዲሁ። የጠፋ ኤልኢዲ ሌሊቱን ሙሉ በስሱ ሲበራ ወይም በየሰከንዱ ብልጭ ሲል የሚታየውም በእሱ ሰበብ ነው።

ስለዚህ ከዲመሩ በፊት ፌዙን በእውነት የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑር። ፌዙን ሲባል በቴስተር የተረጋገጠውን ነው። ማብሪያው ኒውትራሉን የሚቆርጥባቸው ቤቶች ይገጥማሉ፤ እዚያ አምፖሉ ጠፍቶም መስመሩ ሕያው ነው። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። በአብዛኛው ቤት የማብሪያ ሳጥን ውስጥ የሚገኙት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፦ የሚመጣው ፌዝና ወደ አምፖሉ የሚሄደው። ማይክሮኮንትሮለር ያለው ዲመር ግን ለራሱ ኃይልና ለዜሮ ጠቋሚው ኒውትራል ይፈልጋል። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ሦስተኛ ሽቦ ማሳለፍ ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሲሚንቶ መፈልፈል ነው።

ተረት 8፦ «ለአምፖል የሠራው ለምጣድም፣ ለጄኔሬተርም ይሠራል»

የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ባለ 3.5 ኪሎ ዋቱ 16 አምፔር ይስባል። በዚህ ጭነት ትራያኩ ውስጥ ብቻ 20 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይፈጠራል፤ ለአምፖል የተሠራች ትንሽ ሣጥን በደቂቃዎች ውስጥ ትቀልጣለች። ምጣድን መቆጣጠር የፈለገ ሰው ሞገዱን መቆራረጥም አያስፈልገውም። ምጣድ ቀስ ብሎ ስለሚግልና ስለሚበርድ ሙሉ ሞገዶችን ለጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ ለጥቂት ሰከንድ መከልከል ይበቃል። ለዲመር የማይሆነው ኤምኦሲ 3041 ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው።

መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር የሚነሳበት ቤት ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ትንሽ ጄኔሬተር ጭነት ሲበዛበት 48 ኸርዝ ላይ፣ ሲቀልለው 52 ላይ ሊሄድ ይችላል። ግማሽ ሞገዱ አንዴ 10.4፣ አንዴ 9.6 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ኮዱ ውስጥ 10 ሚሊ ሰከንድ ብሎ በቁጥር የጻፈ ሰው አምፖሉ ሲዋልል ያያል። በሁለት ዜሮዎች መካከል ያለውን ጊዜ ራሱ ለክቶ የመጠበቂያውን ጊዜ በዚያ መጠን የሚያስተካክል ኮድ ከዚህ ችግር ነፃ ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደሚሆንም አስቀድሞ መወሰን አለበት፦ ቀስ ብሎ ይብራ ወይስ ጠፍቶ ይቆይ? የመጨረሻውን ልክ ለማስታወስ የኤትሜጋን ኢኢፕሮም የሚጠቀም ሰው ማዞሪያው በተነካ ቁጥር አይጻፍበት፤ አንዱ ሕዋስ የሚችለው 100,000 ጊዜ መጻፍ ነውና፣ እጅ ከማዞሪያው ከተነሳ ጥቂት ሰከንድ በኋላ አንድ ጊዜ መጻፍ ይበቃል።

ተረት 9፦ «ለመማር መጀመሪያውኑ ግድግዳው ላይ መሞከር ግድ ነው፤ ወይም በመኪና ባትሪ»

በባትሪ ትራያክን መማር አይቻልም። የባትሪ ኃይል ዜሮን አይሻገርምና አንድ ጊዜ የተከፈተ ትራያክ ገመዱ እስኪነቀል አይዘጋም። ብዙ ጀማሪ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥለው ጤነኛ ትራያክ በዚህ መንገድ የተፈረደበት ነው።

የተሻለው መንገድ 220ውን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ፣ በሣጥን የታሸገ ተራ ትራንስፎርመር ነው። ከእሱ የሚወጣው 12 ቮልት አሁንም ተለዋዋጭ ነው፤ 50 ኸርዝ ነው፤ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ዜሮን ይሻገራል። ጫፉ 17 ቮልት ብቻ ስለሆነ እጅ ቢነካውም አይገድልም። ከየመኪና ዕቃ መሸጫው ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ቢገዛ ሙሉ ዲመር ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፦ ዜሮ ጠቋሚው፣ የታይመር ኮዱ፣ የብርሃን ሠንጠረዡ፣ ድንገት ቦግ የማለቱ ችግርና መፍትሔው፣ ሁሉም። የሚቀየሩት ለዜሮ ጠቋሚውና ለጌቱ የሚገቡት ሬዚስተሮች ናቸው፤ ለ12 ቮልት ዝቅ ያሉት፣ ለ220 ደግሞ ከፍ ያሉት ይገባሉ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አስተማሪዎች ይህን ደረጃ ሳያልፍ ተማሪ ወደ ግድግዳው እንዳይሄድ ቢያደርጉ ትምህርቱም ሳይጎድል አደጋው ይቀንሳል።

ወደ 220 የሚሸጋገርበት ቀን ሲደርስ ቦርዱ በማይቃጠል ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ፣ ብረት የሆነው ክፍሉ ከመሬት ሽቦ ጋር ተያይዞ፣ በመግቢያው ላይ ባለ 1 ወይም 2 አምፔር ፊውዝ ገብቶለት ይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰካ ከዲመሩ ጋር በተከታታይ አንድ ባለ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል ይግባ። ቦርዱ ላይ መስመር ከመስመር ተጣብቆ ከሆነ ያ አምፖል ሙሉ በርቶ ኃይሉን ይይዘዋል፤ ፍንዳታ አይኖርም። አንድ ሰው ብቻውን አይሥራ፤ ሌላው ብሬከሩ አጠገብ ይቁም። ሙሉ ጭነት ላይ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ ሶኬቱ ተነቅሎ የትራያኩና የሬዚስተሮቹ ሙቀት ይታይ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ የሚገጥመው ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ዲመሩን የሠራው ወጣትም የሽቦዎቹን አገባብ፣ የፊውዙን መጠንና የሚችለውን ዋት ጽፎ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጥፍለት።